የእግር መንገድ የማን ነው?



ወዳጁን ወደ ሩቅ የሚሸኝ ሰው በአገራችን «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብሎ ይመርቃል። ምርቃቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምርቃት ብቻውን እሾህ አያነሣም፤ ጭቃም አያደርቅም። መንገድ ጨርቅ የሚሆነው አንዱ ማለዳ ተነሥቶ በገጀራ ቁጥቋጦውን ሲመነጥር፥ ሌላው ድንጋይ ተሸክሞ የወንዙን መሻገሪያ ሲደለድል ነው። ታዲያ ያ ሰው የሚያቀናው የማንን መንገድ ነው? የራሱን ነው ወይስ የሌላውን? ከራሱ አልፎ ለማያውቀው መንገደኛ የመድከም ግዴታስ አለበትን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። ስለ ታላላቅ ነገሮች መወያየት ስንችል ስለ ቀጭን የእግር መንገድ ምን አስጨነቀን? የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሰው ለጎረቤቱ ያለው አሳብ የሚታወቀው በታላላቅ ንግግሮች ሳይሆን እንዲህ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነው። በማሳችን ዳር ለሚያልፍ ሰው አንድ ክንድ መሬት ለመተው የማንፈቅድ ከሆንን፥ ስለ ሰው ልጅ ፍቅር የምንናገረው ሁሉ ከአፍ አያልፍም።

ሀ. ከከተማው መንገዱ ይቀድማል

ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ዳርና ዳር ሱቁ፥ ሻይ ቤቱ፥ የእህል መጋዘኑ ተሰልፏል። ስለዚህ ብዙዎቻችን «መንገድ» ሲባል የሚታየን አስፋልቱ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ከአስፋልቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወጡ፥ ስም የሌላቸው፥ በእግር ብቻ የተሠሩ መንገዶች አሉ። ወደ ወንዝ የሚወርዱ፥ ወደ ሰሊጥና ወደ ጥጥ ማሳ የሚያቀኑ፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚያቋርጡ፥ ሽመልና የእጣን ዛፍ ወደሚበቅልበት ጫካ የሚዘልቁ ናቸው።

እነዚህን መንገዶች የቀየሰ መሐንዲስ የለም። አንዱ የረገጠውን ሌላው ደገመው፤ ሦስተኛው አሰፋው። በዚህ ቆላ ከብዙዎቻችን አያቶች አስቀድመው የኖሩት የጉሙዝ ወገኖቻችን የረገጡት አለበት። ከወሎ፥ ከጎጃም፥ ከደጋው ጎንደር በሰፈራና በሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች የጨመሩት አለበት። መተማም በ19ኛው መቶ ዓመት ከታወቁት የድንበር ገበያዎች አንዷ ስለ ነበረች፥ ከጎንደር ቡናና ሰም ጭነው የወረዱ የሲራራ ነጋዴዎች የረገጡት አለበት።

ይህን ስንል ግን መንገድን እንደ ንጹሕ ነገር አድርገን ማመስገናችን አይደለም። በዚያ የንግድ መንገድ ላይ በባርነት የተሸጡ ሰዎችም ታስረው ተነድተዋል። ጦርም ሄዶበታል፤ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ በመተማ ነው። መንገድ ደጉንም ክፉውንም ያሳልፋል። ስለዚህ መንገድ በራሱ መልካም ወይም መጥፎ አይደለም፤ መልካም የሚያደርገው የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ማንም ተነሥቶ «ይህን መንገድ እኔ ሠራሁት» ለማለት አይችልም። ሁላችንም የተቀበልነው ከማናውቃቸው ሰዎች ነው፤ ሳይከፈለን ሳይሆን ሳንከፍል የተቀበልነው ነው።

ለ. ወረቀት የሌለው ንብረት

ከተማ ሲያድግ ደስ ይለናል። ቤት ይጨመራል፤ ሱቅ ይከፈታል፤ መብራትና ውኃ ይገባል። ነገር ግን የከተማ ዕድገት በዝምታ የሚወስደው ነገር አለ። ቤት ካርታ አለው፤ የገበሬ ማሳ የይዞታ ደብተር አለው፤ የእግር መንገድ ግን ምንም ወረቀት የለውም። ስለዚህም ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

አንዱ አጥሩን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ያወጣል። ሌላው የቆርቆሮ አጥር ሲያጥር የቀድሞውን ማቋረጫ ይዘጋል። ሦስተኛው ማሽላውን እስከ ድንበሩ ጫፍ ይዘራል። ከሦስቱ አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የወሰዱት ጥቂት ነው። የተዘጋው ግን ጥቂት አይደለም። መቶ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ የሚመላለስበት መንገድ ተዘጋ ማለት፥ መቶ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

የሚዞረውስ ማን ነው? ባለ መኪናው አይደለም፤ ባለ ባጃጁም አይደለም። ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች እኅታችን ናት። መጽሐፉን በፌስታል የያዘ ሕፃን ነው። ምርኩዝ የያዙ አባት ናቸው። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ጊዜ ከደጋ ወርዶ፥ ሙቀቱን ያልለመደ፥ ሜዳ ላይ የሚያድር፥ በወባና በካላዛር የሚጠቃ የቀን ሠራተኛ ነው። በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የቆላችን ፀሐይ ምን እንደሚመስል ለኮኪት ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ በዚያ ፀሐይ የሚጨመር እያንዳንዱ ምዕራፍ ሸክም ነው። በክረምት ደግሞ ዋልካው እግር ይዞ አይለቅም። መንገዱ የተዘጋበት ሕፃን ከባድ መኪና በሚሮጥበት አስፋልት ዳር መሄድ ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ የእግር መንገድ ማለት ሌላ ንብረት የሌለው ሰው ንብረት ነው። ካርታ ያለው ሰው በካርታው ይከራከራል። ካርታ የሌለው ሰው ግን ያለችው መብት ማለፍ ብቻ ናት።

ሐ. የባለይዞታው አቤቱታ

ፍርድ ሚዛናዊ እንዲሆን የሌላውንም ወገን መስማት ይገባል። ባለማሳው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ላቤን ባፈሰስኩበት መሬት ላይ ሰው እያለፈ ሰብሌን ለምን ይረግጥብኛል? ዛሬ አንድ ሰው ያልፋል፤ ነገ ከብት ይነዱበታል፤ ከነገ ወዲያ ሲጋራ ይጥሉበትና ሰሊጤ ይቃጠላል። መንገድ ያስፈልጋል ካሉ ለምን የእኔን ብቻ ይወስዳሉ?»

ይህ አቤቱታ ከንቱ አይደለም። ሰሊጥ ታጭዶ በሂላ ከቆመ በኋላ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ የዓመት ልፋት ታጠፋለች። የብዙዎች ጥቅም ነው ተብሎ ጉዳቱ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሊጫን አይገባም። የአገራችን ሕግም ይህን ሚዛን ያውቀዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ የሌለው መሬት ያለው ሰው በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ የጎረቤቱንም ጉዳት ችላ አይልም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መሬቱ የሕዝብ ከሆነ፥ ሕዝቡ የሚያልፍበት ቀጭን መስመር ከሕዝቡ ሊነጠል እንዴት ይችላል?

በሌላው ዓለምም በዚህ ነገር ሰዎች ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 በእንግሊዝ አገር የማንቸስተር አካባቢ ወጣት ሠራተኞች፥ ባለርስቶች ለአደን ብለው ወደ ዘጉት ኪንደር ስካውት ወደሚባለው ኮረብታ ተሰብስበው ወጡ። በፋብሪካ ጭስ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የሚውሉ ሰዎች ነበሩና የሚፈልጉት በዕረፍት ቀናቸው በተራራ ላይ መራመድ ብቻ ነበር። አምስቱ ታሰሩ። ነገር ግን አሳባቸው አልታሰረም፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ስለ ገጠር መንገዶች ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ብዙ የተዘጉ ኮረብታዎችን ለእግረኛ ከፈተ። በዚያው አገር ሕግ፥ ሕዝብ 20 ዓመት ያለ ክልከላ በግልጽ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ መንገድ ሆኖ ሊቈጠር ይችላል። አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የእኛም ሽማግሌ የድንበር ክርክር ሲዳኝ «ከጥንት ጀምሮ ሰው ያልፍበት ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃልና።

ስለዚህ የባለማሳው መብትና የመንገደኛው መብት ጠላቶች አይደሉም። የሚያጣላቸው መነጋገር መቅረቱ ነው። መንገዱ በማሳው መካከል ከሆነ በድንበሩ ዳር ሊዛወር ይችላል። መንገደኛው ከብት አይነዳበትም፤ እሳት አይለኩስበትም ተብሎ ሊደነገግ ይችላል። ባለማሳው ለለቀቀው መሬት ወጣቶች አጥሩን በጉልበት ቢያግዙት ዕዳው ይቃለላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው ነው።

መ. ከደባርቅና ከመቄት የምንማረው

መንገድን ለማን ብለን እንጠብቀው? የሚለውን ጥያቄ በደንብ ለማየት ዐይናችንን ከቆላው ወደ ደጋው እናንሣ።

በሰሜን ጎንደር የደባርቅ ከተማ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበር፥ በግጭና በጨነቅ አልፎ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ራስ ደጀን የሚወስደው የእግር መንገድ በመላው ዓለም የታወቀ ሆኗል። ይህ መንገድ ለጎብኚ ተብሎ የተቀየሰ አልነበረም። ገብስ የሚጭን ገበሬ፥ በጎቹን የሚነዳ እረኛ፥ ገበያ የምትወጣ እናት የረገጡት ነው። በኋላ የውጭ ሰው መጣበት። በቅሎ ጫኞች፥ መንገድ መሪዎች፥ ወጥ ሠሪዎችና ስካውቶች እንጀራ አገኙበት። የከተማይቱ ዕድገትና የተራራው መንገድ ተያያዙ።

ነገሩ ግን ሌላ ገጽ አለው። ፓርኩ በሰው፥ በእርሻና በግጦሽ ብዛት ተጎድቶ ዋልያው ስለ ተመናመነ፥ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ2016፥ በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። ሣሩ እንዲያገግም፥ ዋልያው እንዲተርፍ ተፈልጎ ነው። ዓላማውን ማንም አይንቀውም፤ ዋልያ በሌላ አገር የለምና። ነገር ግን አስቡት፤ መንገዱን በእግራቸው የፈጠሩት ሰዎች ወጡ፤ መንገዱ ለእንግዳ ቀረ። ይህ ትክክል ነው ወይስ አይደለም? ብሎ በአንድ ቃል መመለስ ቀላል አይደለም። እኛ የምንለው ይህን ያህል ነው፦ መንገዱን የፈጠረው ሰው ስለ መንገዱ በሚደረገው ምክር ውስጥ የመጀመሪያውን ወንበር ሊያገኝ ይገባዋል። እርሱ ዕዳውን ተሸክሞ ሌላው ጌጡን ከወሰደ፥ ሚዛኑ ተዛብቷል።

በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ የተሞከረው ደግሞ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የገበሬ መንደሮች በገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎችን ሠሩ። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ዕቃውን የመንደሩ አህያ ይጭንለታል፤ መንገዱን የመንደሩ ልጅ ይመራዋል፤ የሚበላውንም የመንደሩ ሰው ያዘጋጅለታል። ገቢው ወደ መንደሩ ይገባል። እዚያ መንገዱ ከእረኛው አልተወሰደም፤ እረኛው ባለበት እንግዳ ተጨመረበት እንጂ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኙና ተከታትሎ በመጣው ጦርነት የሩቁ እንግዳ በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን እንግዳ ቢቀርም መንገዱ ሥራ አይፈታም፤ የመንደሩ ሰው ዛሬም ይሄድበታል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለእንግዳ ብቻ ተብሎ የተሠራ መንገድ እንግዳው ሲቀር ሣር ይበቅልበታል። ለጎረቤት ተብሎ የተሠራ መንገድ ግን ለእንግዳም ይተርፋል።

ሠ. ስለ ፍርሃት

አሁን ወደ ቆላችን እንመለስ። እዚህ ከባዱ ክርክር የሰብል ክርክር አይደለም፤ የፍርሃት ክርክር ነው። በጎንደርና በመተማ መስመር ሰው ታግቷል፤ ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገደኛን ሁሉ አስግቷል። ስለዚህ «መንገድ ክፈቱ» ስንል «ለማን? ለሌባ ነው?» የሚል መልስ ቢሰጠን አንገረምም። ወላጅ ልጁን ወደ ጫካው መንገድ ባይልክ ተሳስቷል አንልም። በዚህ ጊዜ ያለ ጥንቃቄ ውጡ ብሎ የሚመክር ወንድም አይደለም።

ነገር ግን ፍርሃትን ደግሞ እንመርምረው። ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰውን ያስተባብራል፤ ሌላው እያንዳንዱን በየአጥሩ ውስጥ ይዘጋል። ባዶ መንገድ ለክፉ ሰው ይመቻል፤ ብዙ ሰው የሚመላለስበት፥ ግራና ቀኙ የተመነጠረ፥ ከሩቅ የሚታይ መንገድ አይመቸውም። ሰው የተወው መንገድ ቍጥቋጦ ይውጠዋል፤ ቍጥቋጦውም መሸሸጊያ ይሆናል። እንግዲህ መንገድን መተው ደኅንነት መስሎ ሳለ አደጋን ሊያሳድግ ይችላል። መፍትሔው በአንድነት የምንጠብቃቸውን ቅርብ መንገዶች መምረጥ፥ ሩቆቹን ደግሞ ጊዜ እስኪፈቅድ ማቆየት ነው።

ሌላም እናስታውስ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው መጡ። ትናንት ባለቤትና ባለሱቅ የነበሩ ሰዎች ጥላ ሥር ዐረፉ፤ ውኃ ለመኑ። ዛሬ ባለካርታ የሆነ ሰው ነገ ማለፊያ ለማኝ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የምንዘጋውን መንገድ አንድ ቀን እኛው ራሳችን እንፈልገው ይሆናል።

ረ. ያላየነውን አንጠብቅም

መንገድ ለሸክምና ለሥራ ብቻ አይደለም። ለማየትም ነው። ብዙዎቻችን የኮኪት ልጆች የምናውቀው አስፋልቱንና ገበያውን ነው። የእጣን ዛፍ ግን የት እንዳለ፥ ቅርፊቱ በመንጋፍ ተፍቆ ነጩ እንባ እንዴት እንደሚወጣ፥ ለምን ችግኙ እንደማያድግ የምናውቅ ጥቂት ነን። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ የታተመ፥ በመተማ ጫካ የተደረገ ጥናት፥ ነገሩ እንደ ነበረ ከቀጠለ ያጠናቸው የእጣን ዛፎች በ50 ዓመት ውስጥ በጣም እንደሚመናመኑ፥ ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቶ ነበር። ምክንያቱም አሮጌው ዛፍ ሲሞት በእሳትና በግጦሽ የተነሣ የሚተካው አላደገም። ይህ የእኛው ጓሮ ነው። ነገር ግን ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም። ወደ ጫካው የሚወስደው መንገድ ለወጣቱ ከተዘጋ፥ ጫካው ሲጠፋ የሚያዝንለት እንኳ አይገኝም።

ሰ. በግዴታ ወይስ በውዴታ?

የመጨረሻው ጥያቄ ይህ ነው። መንገድ መጠበቅ ግዴታ ነው ወይስ ቸርነት? አንዳንዱ «ቀበሌው ያዝዝና እንወጣለን» ይላል። በትእዛዝ የወጣ ሰው ሰዓቱን ይቈጥራል፤ ስም ጠሪው ሲሄድ ዶማውን ይጥላል። ሌላው «ደስ ያለው ይሥራ» ይላል። ደስ ያለው ብቻ ከሠራ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሠሩት እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ይሰለቻሉ።

አባቶቻችን ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ነገር ነበራቸው፤ ደቦና ወንፈል። ደቦ የወጣ ሰው የታዘዘ አይደለም፤ ሳይወጣ የሚቀር ግን ያፍራል። ዕዳ እንዳለበት ያውቃልና። እኛም የእግር መንገድን እንደዚህ ልናየው ይገባል። ከማናውቃቸው ሰዎች ተቀብለነዋል፤ ለእነርሱ ልንመልስላቸው አንችልም፤ ስለዚህ ዕዳችንን የምንከፍለው ገና ለሚመጣው መንገደኛ ነው። ይህም ቸርነት ከመባል ብድር መክፈል ቢባል ይሻላል።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ልንሠራቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች እናቅርብ፦

1ኛ. ከመስከረም በኋላ መሬቱ ሲጠነክር፥ ሽማግሌዎችንና እረኞችን ይዘን በከተማችን ዙሪያ ያሉትን የእግር መንገዶች አንድ በአንድ በእግራችን እንለያቸው፤ በወረቀትም እንሣላቸው። ወረቀት ያለው መንገድ በቀላሉ አይጠፋም።

2ኛ. ሥዕሉን ለቀበሌው እናቅርብ፤ አዲስ ቦታ ሲመራ መንገዱ እንዲታሰብ እንጠይቅ።

3ኛ. መንገዱ በማሳቸው ከሚያልፍባቸው ገበሬዎች ጋር በሽማግሌ ፊት እንነጋገር፤ ስለ ከብትና ስለ እሳት ቃል እንግባ፤ ቃላችንንም እንጠብቅ።

4ኛ. በመሻገሪያው ድንጋይ፥ በረጅሙ ሜዳ ዳር ኒም ወይም ኩርኩራ እንትከል። የተከለው ሰው በጥላው ላያርፍ ይችላል፤ የሚያርፍበት ግን አይጠፋም።

5ኛ. ብቻችንን አንውጣ፤ የት እንደምንሄድ ለወላጆቻችን እንንገር፤ ሽማግሌ አትሂዱ ባለበት ቀን አንሂድ።

የእግር መንገድ የማን ነው? ብለን ጀመርን። መልሳችን ይህ ነው፦ ገና ያልመጣው ሰው ነው። ባለማሳውም፥ ቀበሌውም፥ እኛም ጠባቂዎቹ ነን። ጠባቂ ደግሞ የተቀበለውን አጥብቦ አያስረክብም።